ጠብታ የማይደርሰው ረድፍ

ጋሽ ዱባለ በሠፈራችን «የአይጡ ሰውዬ» ይባሉ ነበር። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚላቸው የለም፤ ዞር ሲሉ ነው። እሳቸውም ያውቁታል፤ ያወቁ ግን አይመስሉም። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉን አለፍ ሲሉ፣ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ረጅም ቤት ነበር። የምግብ ነገር የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። ጋሽ ዱባለ እዚያ ነጫጭ አይጦች ይጠብቃሉ፦ ያበላሉ፣ ያጠጣሉ፣ የሽቦ ሣጥናቸውን ያጥባሉ። እንግዲህ አይጥ በታየ ቁጥር ድመት በሚጠራበት፣ ወጥመድ በሚጠመድበት ሠፈር ውስጥ ደሞዝ እየበላ አይጥ የሚቀልብ ሰው ምን ስም እንደሚወጣለት መገመት አያስቸግርም።

ሰውየው ሲፈጠሩ የአይጥ ጠባቂ አልነበሩም። ቤተሰቡ ከወሊሶ መጥቶ ከተማ የከረመ የነጋዴ ቤተሰብ ነው። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሰብስቤ አሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ከሚዞርበት ቦታ ጥግ ላይ ሱቅ ነበራቸው። ጋሽ ዱባለም እዚያው ከሚዛኑ ኋላ ቆመው ስኳርና ምስር ሲመዝኑ ነው ጎልማሳ የሆኑት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ሲያርፉ ግን ሱቁ አልሆን አላቸው። «የሚገዛው ሁሉ መጀመሪያ እግዜር ያጽናህ ይለኛል፣ ከዚያ ጨው ስጠኝ ይላል» ብለው ነው የነገሩኝ። «ጨዉን እየመዘንኩ እንባዬ ይመጣል። ሰው የማይጠይቀኝ ቦታ ፈለግሁ።»

አገኙ። አይጥ አይጠይቅም።

ሥራውን ያስተማረቻቸው ወይዘሪት ጥሩብርሃን ናት፤ ዓይኗ ትልቅ፣ ሳቋ ቅርብ፣ ነጭ ጋውኗ ሁልጊዜ እጅጌው ላይ የሆነ ነገር የተንጠባጠበበት ወጣት ሴት። የአይጦቹን መኖ የምትቀምመው እሷ ናት። በዚያ ግቢ ጋሽ ዱባለን እጃቸውን ጨብጣ «እንዴት አደሩ ጋሼ» የምትል እሷ ብቻ ነበረች።

በ1963 ዓ.ም. የያዙት ሥራ ቫይታሚን ኢ የሚባለውን ነገር መለካት ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አምሐ አንድ ጥያቄ ይዘው አላስተኛ ብሏቸዋል፦ እኛ ከምንበላቸው ዘይቶች፣ ከኑግና ከተልባ፣ በዚህ ነገር የሚበረታው የትኛው ነው?

«ታዲያ ጨምቆ መመዘን አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ዱባለ።

«እሱማ ተመዝኗል» አለች ጥሩብርሃን። «ዘይቱ ላይ መድኃኒት ጠብ እናደርጋለን፣ ቀለሙን እናያለን፣ ይህን ያህል አለው እንላለን። ችግሩ ምን መሰለዎት? ቫይታሚን ኢ አንድ አይደለም። መልካቸው የሚመሳሰል ወንድማማቾች ናቸው። ቀለሙ ሁሉንም አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል። ሥጋ ግን ይለያቸዋል፤ አንዱ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ሌላው ስሙ ብቻ ነው ያለው።»

«እንደኔና እንደ ሰብስቤ በይኛ።»

«ኧረ ጋሼ!» ብላ ሳቀች።

ጎበዙን ከሰነፉ የሚለዩት በእናት አይጦች ነው። ሴቶቹን ያ ነገር ፈጽሞ በሌለበት መኖ ያሳድጓቸዋል፦ ስታርች፣ ስኳር፣ ቅባቱ ተጠርጎ የወጣለት የወተት ዱቄት። ከወንዱ ጋር ያገናኟቸዋል፣ ያረግዛሉም። ነገር ግን ሽሉ መንገድ ላይ ይሞትና ማህፀኗ መልሶ ይመጠዋል። አይወርድም፣ ደም አይታይም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። በጊዜ ጠብታዋን ካገኘች ግን ሽሎቹ ይኖራሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዷ የተለካ ጠብታ በአፏ ይሰጣታል፣ መውለጃዋ ሲቃረብ በማደንዘዣ፣ በኤተር ትተኛና ሆዷ ተከፍቶ ስንቱ በሕይወት አለ፣ ስንቱ ጠፍቶ ጠባሳው ቀርቷል ተብሎ ይቆጠራል። በጥቂት ጠብታ ብዙ ሽል ያተረፈ ዘይት እሱ ብርቱ ነው። ማወዳደሪያው ደግሞ በፋብሪካ የተሠራው ነው፤ የዓለም ሰው ተስማምቶ የእሱን አንድ ሚሊግራም አንድ አሃድ ብሎታል።

ሣጥኖቹ በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። አንደኛው ረድፍ የፋብሪካውን ጠብታ ይወስዳል፣ ሁለተኛው የኑጉን፣ ሦስተኛው የተልባውን። አራተኛው፣ ግድግዳው ጋ ያለው፣ ምንም አይወስድም።

«እነዚህስ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ዱባለ።

«እነሱ ባዶ ናቸው። ከመኖውና ከውኃው በስተቀር ምንም እንዳይቀምሱ፣ ጋሼ። ምንም።»

«እሺ» አሉ። ሰውየው እሺ ሲሉ እሺ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እሳቸውም ከቅባት ራቁ፣ ግድግዳው ጋ ያሉትም እንደራቁ ናቸው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ በየሣጥኑ ያሉት ሁሉ በኋላ እግራቸው ቆመው በሽቦው ያያሉ። «እኔ ስገባ ከመቀመጫው የሚነሳልኝ ሌላ ማን አለ በዚህ አገር?» ይሉኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አውቃለሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንድማቸው ሱቅ ጎራ አሉ። ዘንባባቸውን ራሳቸው ላይ እንዳሰሩ ናቸው።

«አንተ ዱባለ፣ ለፋሲካ እኛ ጋ ነው የምትፈስከው አይደል?» አሉ አቶ ሰብስቤ።

«እንግዲህ... እመጣለሁ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ፣ የአቶ ሰብስቤ ባለቤት፣ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እንዲያውም ቸር ናቸው። ንጹሕ ነገር ግን ይወዳሉ፣ እንግዳ ደግሞ ነበረባቸው።

«ይምጣ እንጂ! ቤቱ አይደል እንዴ? ብቻ ዱባለ፣ እንዳትቀየመኝ፣ አማቾቻችን አሉ፤ ላንተ ለብቻ በሳህን አወጣልሃለሁ። ጥሩ ጥሩውን።»

«ብዙነሽ!» አሉ አቶ ሰብስቤ።

«ምን አልኩ? በሳህን መብላት ነውር ነው? ፈረንጅ በሳህን አይደል የሚበላው?»

«ልክ ነሽ» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ፈረንጅ በሳህን ነው የሚበላው።» ዘንባባቸውን ከራሳቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። በፋሲካ፣ ዘመድ ሁሉ ከአንድ ትሪ ሲቆርስ፣ ጥግ ይዞ ለብቻ በሳህን መብላት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ለተወለደ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የፋሲካ ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሰዉ እየተሳሳመ ሲበተን ጋሽ ዱባለ ወደ ቤታቸው ገቡ። ዶሮ መሥራት አያውቁም። እንቁላል በኑግ ዘይት ጠበሱ፣ ዘይቱን ለበዓል ብለው ረገጥ አደረጉት፣ ዳቦ ቆረሱ። ጎርሰው ማኘክ ጀመሩ። አልወርድ አላቸው። «ጾም ለብቻ ይጾማል» አሉኝ፣ «መፈሰክ ግን ለብቻ አይሆንም። ሞክሬዋለሁ።»

ለማንኛውም አይጦቹን ማብላት ነበረባቸው፤ ለአይጥ በዓል የለም። ዳቦውንና እንቁላሉን በፎጣ ጠቅልለው ወደ ላቦራቶሪው ወረዱ። ጥሩብርሃን ለበዓል ወላጆቿ ጋ ስለሄደች ጠብታውን እንዲሰጡ አሳይታቸዋለች። የአንደኛውን ረድፍ ሰጡ። የኑጉን ሰጡ። የተልባውን ሰጡ። አራተኛው ረድፍ ሲደርሱ በእጃቸው የቀረ ነገር የለም። እነዚያ ግን ቆመው ይጠብቃሉ፤ የጎረቤቶቻቸውን አፍ ሲንቀሳቀስ አይተዋል።

ጋሽ ዱባለ በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ። ፎጣውን ፈቱ። መጀመሪያ ራሳቸው ጎረሱ። ከዚያ ከዳቦው ዘይት የጠጣውን መሃሉን ቆረስ፣ ከእንቁላሉ ቆንጠር አድርገው በሽቦው ቀዳዳ አሳለፉ።

«በሉ» አሉ፣ «እናንተም ፈስኩ። ጾሙ ወጥቷል።»

በሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ በሉ። ጋሽ ዱባለም አብረዋቸው በሉ፣ በዚህ ጊዜ ወረደላቸው። በማግሥቱም አመጡ፣ በማግሥቱም። ጥሩብርሃን ያለችውን ረስተውት ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «አልረሳሁም» አሉ። «ለዘወትር ቀን የተባለ መሰለኝ። ከፋሲካ በኋላማ በሃምሳው ቀን መጾም ክልክል ነው። ፍጡርን ከልክዬ እኔ ልበላ ነው?»

በዓሉ አለፈ፣ ጥሩብርሃን ተመለሰች፣ ፎጣውም ቤት ቀረ።

የሆድ መክፈቻው ቀን ሲደርስ ጋሽ ዱባለ አይጦቹን አንድ በአንድ አመጡ። ይህ ቀን ሁልጊዜ ይከብዳቸዋል፤ አምጥተው ካስረከቡ ወዲያ ደጅ ወጥተው ይቆማሉ። ያን ቀን ግን ከውስጥ ጫጫታ ሰሙ። ግድግዳው ጋ ያሉት፣ ምንም ያልወሰዱት፣ ሆዳቸው ሲከፈት ሙሉ ነበር። ሽሎቹ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ሕያው።

ዶክተር አምሐ ሰው ላይ የሚጮሁ ሰው አልነበሩም። ያን ቀንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት፣ እሱ ነው የባሰው።

«መኖው ተበክሏል» አሉ። «የሆነ ቅባት ገብቶበታል። ወይዘሪት፣ የቀመሙት እርስዎ ነዎት።»

«ዶክተር፣ እኔ ሁሉንም...»

«ከዛሬ ጀምሮ መኖውን ሌላ ሰው ይቀምመው። ያለው ሁሉ ይደፋ። የዓመቱ ሥራ ከእንግዲህ ምንም አይነግረንም።»

ጥሩብርሃን ማጠቢያው ጋ ሄዳ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጋሽ ዱባለ ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ እነሱ በሕይወት መገኘታቸው ምን ክፋት አለው? ሌሎቹን መቁጠር አይቻልም?»

«ጋሼ፣ ሱቅ ነበሩ አይደል?» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ሚዛኑ ዕቃ ሳይጫንበት አንዱ ሳህን ካዘነበለ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ በዚያ ሚዛን አልመዝንም።»

«እኛም እንደዚያው። ባዶው ረድፍ ባዶ ካልሆነ፣ ሌሎቹ ያተረፉት በጠብታው ይሁን በሌላ ነገር አናውቅም። የኔ እጅ ነው እንግዲህ። አንድ ቦታ እጄ ቆሽሿል።»

ጋሽ ዱባለ በዚያች ደቂቃ ገባቸው። በሕይወታቸው ሚዛን ላይ ጣታቸውን አሳርፈው አያውቁም፤ ሰብስቤ እንኳ በዚህ ይመሰክርላቸዋል። አሁን ግን እንቁላል ከነዳቦው ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ሄደዋል።

መናገር ነበረባቸው። አልተናገሩም። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም። የሠራተኛው ሁሉ ዓይን ጥሩብርሃን ላይ ነበር፣ መኖው በጆንያ እየወጣ ሲደፋ አብራ ተሸከመች። እሳቸው ግን ጠዋት ሲመጡ ያን በር ይከፍታሉ፣ የተረፉት ይነሱላቸዋል፣ እሳቸውም ቃላቸውን ይውጣሉ። ከተናገሩ ያ በር እንደሚዘጋባቸው ያውቃሉ። ከዚያ በር ወዲያ ደግሞ ያላቸው ቀዝቃዛ ቤትና የወንድማቸው ሳህን ነው። «ፈሪ አይደለሁም» አሉኝ። «ግን የት ልሂድ ብዬ ነው?»

ጥሩብርሃን ሰላምታዋን አላቋረጠችም። እጃቸውን ጨብጣ «እንዴት አደሩ ጋሼ» አለች፣ ፊቷ አብጦ። ይህን ነው ያልቻሉት። ኮፍያቸውን አውልቀው የዶክተር አምሐን በር አንኳኩ።

«ዶክተር፣ መኖው ጤነኛ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ያበላኋቸው እኔ ነኝ።»

«አቶ ዱባለ፣ ሁልጊዜም የሚያበሉት እርስዎ ነዎት።»

«ሌላ ምግብ ነው የምልዎት። የፋሲካ።»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ምን አበሏቸው?»

«እንቁላል። ዳቦም ነበረው።»

«እንቁላል። በምን የተጠበሰ?»

ጋሽ ዱባለ ኮፍያቸውን አሻሹት። «በኑግ።»

«በኑግ!» ዶክተር አምሐ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያልቅሱ ይሳቁ ጋሽ ዱባለ ሊለዩ አልቻሉም። «እኛ በሚሊግራም እየለካን በጠብታ የምንሰጠውን፣ እርስዎ በዳቦ አጎረሷቸው!»

«ጥሩብርሃን ምንም አላጠፋችም ለማለት ነው የመጣሁት።»

«ቆይ፣ ለምን? ተነግሮዎታል እኮ።»

«ሌሎቹ ጠብታቸውን ወሰዱ። እነዚህ አፍጥጠው ያዩኛል። ቀኑ ፋሲካ ነው። እኔም... እኔም ሰው ፈልጌ ነበር።»

ዶክተሩ ሲናገሩ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «አላባርርዎትም። ወይዘሪት ጥሩብርሃንንም ራሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ወደ አይጦቹ ቤት መግባት አይችሉም። ይቅር የማይባል ነገር አድርገዋል ብዬ አይደለም፤ ነገም የገና በዓል አለ፣ ከነገ ወዲያም ጥምቀት አለ፣ እርስዎም ያው እርስዎ ነዎት። ግድግዳው ጋ ያለውን ረድፍ አይቶ ዝም የሚል ሰው ነው የምፈልገው።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ዱባለ። ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጥሩብርሃን ሰምታ እየሮጠች ገብታ ለመነች፤ «ዶክተር፣ እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ» አለች። አልሆነም። ጋሽ ዱባለ ራሳቸው ናቸው «ተይ ልጄ» ያሏት።

የበር ዘበኛ ሆኑ። ካኪ ካፖርት ተሰጣቸው። ተረኛ ባልደረባቸው ጋሽ ደበላ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው የወላለቀ፣ አፋቸው ግን ያልሰነፈ ሽማግሌ ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ተቀበሏቸው፦

«አንተ ዱባለ፣ ድመት አይጥ ሲያባርር አይቻለሁ። አይጥ ሰው ከሥራ ሲያባርር ግን ያንተ የመጀመሪያው ነው!»

«የመጀመሪያው እኔ ልሁን።»

«ደግሞ ዶሮ መሥራት ተማር። ዶሮ አብልተሃቸው ቢሆን ጌታዬ፣ ይሄኔ በር ላይ የሚቆሙት አይጦቹ ነበሩ።»

ጋሽ ዱባለ ፈገግ ይሉና ወደ ረጅሙ ቤት ያያሉ። ከበሩ ላይ መስኮቱ ይታያል እንጂ ውስጡ አይታይም። አዲሱ ጠባቂ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ሲያልፍ «እንዴት ናቸው?» ይሉታል። «ማን?» ይላል። «ተው ግባ፣ ግባ» ይሉታል። በዚያ ዓመት ወንድማቸው ሁለት ጊዜ መልእክት ላኩባቸው፣ አንድ ጊዜም ራሳቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ስለ ሱቁና ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ሳህን ማንም አላነሳም፤ ጋሽ ዱባለም አልሄዱም።

ሥራው ከሥሩ ተጀመረ። አዲስ ሴቶች በዚያ ባዶ መኖ አደጉ፣ መኖውንም ጥሩብርሃን ቀመመችው፣ አዲስ ጠብታ ተለካ። ክረምቱ ገብቶ፣ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩብርሃን ጃንጥላዋን ዘርግታ ከግቢው ወጣች። ዘበኛ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የምትናገረውን እንዴት እንደምትናገር የጠፋት ትመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከፈትናቸው።»

«እህ?»

«ኑጉ ከተልባው በብዙ በልጦ ተገኘ። ተልባው በቀለም ሲታይ ሀብታም ነበር፣ አይጦቹ ግን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። ዶክተር ደስታቸውን ማየት ነበረብዎት።»

«ግድግዳው ጋ ያሉትስ?»

ጥሩብርሃን ጃንጥላዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ባዶ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንድም አልቀረ።»

ጋሽ ዱባለ ወደ ረጅሙ ቤት አዩ። አሁን ሚዛኑ ልክ ነው፤ የእሷም እጅ ንጹሕ መሆኑ ለሁሉም ታይቷል። የፈለጉት ይኸው ነበር፤ ቁልፉን ያስቀመጡት ለዚህ ነበር።

«እሰይ» አሉ።

እጃቸውን ጨብጣ፣ ጭቃውን እየዘለለች ወደ አውቶቡሱ ወጣች። ከዘበኛ ቤቱ ውስጥ ጋሽ ደበላ ነጠላቸውን ተከናንበው እንደተኙ ነበሩ፤ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«እሰይ የምትለው ምን ተገኝቶ ነው? ማን ወለደ?»

«ማንም አልወለደም» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ተኛ ባክህ።»

የዶክተሩ ቮልስዋገን ከግቢው ውስጥ ጥሩንባዋን ነፋች። ካፖርታቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው፣ በሩን ከፈቱላት።